አንድ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ፈንድ፣ ከአመልካችነትም ከገምጋሚነትም ሲታይ

ለኪነ ጥበብና ለባህል ሥራዎች ገንዘብ ለሚሰጥ አንድ ፈንድ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሁለቴ ተከለከልኩ፣ በሦስተኛው ተሰጠኝ፤ የተሰጠኝን ሥራ አጠናቅቄ ሒሳቡን ካወራረድኩ በኋላ ደግሞ ፈንዱ ራሱ በገምጋሚነት ጋብዞኝ ለሌሎች ማመልከቻዎች ነጥብ ሰጥቻለሁ። እዚህ የምገመግመው ያንን አገልግሎት ነው፣ ከጥሪው እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ። የማነሣቸው ጉድለቶች በሌሎች ድጋፍ ሰጪዎች ዘንድም የሚታዩ ስለሆኑ የፈንዱን ስም አልጠቅስም። ፍርዴን ግን ከፊት ላስቀምጥ፦ ፈንዱ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ ሲወስን በአብዛኛው ቅንና ጠንቃቃ ነው፤ የማይሰጣቸውን ሰዎች በሚያሰናብትበት መንገድ ግን እጅግ ደካማ ነው። ከአመልካቾቹ የሚበዙት የማይሰጣቸው ስለሆኑ ደግሞ፣ አብዛኛው ሰው አገልግሎቱን የሚያውቀው በዚህ በደካማው ጎኑ ነው።

ከጥሪው ልጀምር። ጥሪው የወጣው ማመልከቻ መቀበያው ከመዘጋቱ አሥር ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ በቂ ጊዜ ነው። በመመሪያው ውስጥ ከምንም በላይ ያደነቅሁት መስፈርቶቹን ዘርዝሮ ብቻ ሳይተው የእያንዳንዳቸውን ክብደት በቁጥር ማስቀመጡን ነው፦ ከ100 ነጥብ 40ው ለሥራው ጥበባዊ ፋይዳ፣ 25ቱ ለአፈጻጸም ዕቅዱና ለቡድኑ ብቃት፣ 20ው ሥራው ለሕዝብ ለሚደርስበት መንገድ፣ 15ቱ ለበጀቱ። የአውሮፓ ኅብረት የባህል መርሐ ግብር የሆነው ክሪኤቲቭ ዩሮፕም ለትብብር ፕሮጀክቶች በሚያወጣው ጥሪ ለፕሮጀክቱ አግባብነት 30፣ ለይዘቱና ለተግባራቱ ጥራት 30፣ ለአስተዳደሩ 20፣ ውጤቱ ለሚሠራጭበት መንገድ 20 ነጥብ መድቦ፣ በድምሩ 70 ያልሞላውን ለድጋፍ አያጭም። ክብደቱ ሲታወቅ አመልካቹ ጉልበቱን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ያውቃል። መስፈርቱን ነግረው ክብደቱን በሚሸሽጉ ፈንዶች ዘንድ ግን ሰው ስለ ሥራው ውበት አሥር ገጽ ጽፎ በአንድ የበጀት ሠንጠረዥ ይወድቃል፤ በምን እንደወደቀም አያውቅም።

ስለ ቅጹ ብዙ የምለው የለኝም። በኦንላይን ይሞላል፣ በየሳጥኑ የቃላት ገደብ አለው፣ ጀምሮ አስቀምጦ ሌላ ቀን መቀጠል ይቻላል። የበጀት ሠንጠረዡ ራሱ አለመደመሩ ግን መታረም ያለበት ጉድለት ነው፤ በእጁ ደምሮ የተሳሳተ ሰው ሥራው ሳይነበብለት በመጀመሪያው ማጣሪያ ሊቀር ይችላል።

የመጀመሪያው ማጣሪያ የጥበብ ዳኝነት የለበትም። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ሰነዶቹ መሟላታቸውን፣ አመልካቹ ጥሪው የሚመለከተው ሰው ወይም ድርጅት መሆኑን፣ ሥራው ውል ሳይፈረም አለመጀመሩን እና የራስ መዋጮ መኖሩን ይፈትሻሉ። ከእነዚህ ሁሉ ትንንሽ ቡድኖችን የሚያስጨንቀው መዋጮው ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም፣ ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ፣ ለጥበብ ፕሮጀክቶች በሚሰጠው ድጋፍ እያንዳንዱ ዶላር ቢያንስ በአንድ ሌላ ዶላር እንዲታጀብ ይጠይቃል፤ ማለትም ከወጪው ግማሹን አመልካቹ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ክሪኤቲቭ ዩሮፕ በበኩሉ ለአነስተኛ የትብብር ፕሮጀክቶች እስከ 80 ከመቶ፣ ለመካከለኞቹ እስከ 70፣ ለትልልቆቹ እስከ 60 ከመቶ ይሸፍናል። ይህኛው አሠራር አቅም ያነሰውን የበለጠ ስለሚያግዝ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የእኔ ፈንድ ከሁሉም እኩል 20 ከመቶ ይጠይቃል፤ ደግነቱ፣ በነጻ የተሰጠ ጉልበትን፣ ቦታንና ዕቃን በገንዘብ ተምኖ እንደ መዋጮ ይቀበላል። እንዴት እንደሚተመን ግን መመሪያው ያለው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ቡድኖች ተመሳሳይ ጉልበትን በጣም በተራራቀ ዋጋ ተምነው ሲያቀርቡ በኋላ በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ንባቡና ወደ ነጥቡ ልግባ። ያመለከትኩበት ሥራ በግለሰቦች እጅ ለአሥርት ዓመታት የቆዩ የሕዝብ ዜማ ቅጂዎችን ከማግኔቲክ ቴፕ ወደ ዲጂታል ፋይል መገልበጥና ለአድማጭ ማቅረብ ነበር። በአንዳንድ የቆዩ ቴፖች ላይ የማግኔቱን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር ያያያዘው ማጣበቂያ እርጥበት እየሳበ ይበላሻል። እንዲህ ያለው ቴፕ ሲጫወት ይጣበቃል፣ ያፏጫል፣ ድምፁን የተሸከመውን ዱቄት በማጫወቻው ላይ እያራገፈ ይሄዳል። የታወቀው መፍትሔ ቴፑን ሙቀቱ በትክክል ሊመጠን በሚችል ምድጃ ውስጥ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለብዙ ሰዓታት ማቆየት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ሆኖ ስለሚጫወት በዚያች ፋታ መገልበጥ ይቻላል። ይህ ሁሉ በበጀቴ ውስጥ «ማድረቂያ ምድጃ፣ ብዛት 1» ተብሎ በአንድ መስመር ተቀምጦ ነበር።

ማመልከቻዬን ሁለት ገምጋሚዎች ለየብቻቸው አነበቡት። አንዱ 88 ሰጠኝ፣ ሌላው 61። አማካዩ 74.5 መጣ፤ በዚያ ዙር የነበረው ገንዘብ ያለቀው ደግሞ 76 ያመጣው ማመልከቻ ላይ ሲደርስ ነው። ይህን ያወቅሁት ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ነው፣ የገምጋሚዎቹንም አስተያየት ያነበብኩት ያኔ ነው። 61 የሰጠኝ ሰው ስለ ምድጃው «ከፕሮጀክቱ ጋር ግንኙነት የሌለው የወጥ ቤት ዕቃ» ብሎ ጽፏል። ለበጀት ከተመደበው 15 ነጥብ የሰጠኝ 4 ነው፤ በጀቱን ከተጠራጠረ በኋላም የአፈጻጸም ዕቅዱን በዚያው ዓይን እንዳነበበው ከአስተያየቱ ይታያል። ገምጋሚውን አልወቅስም። ምድጃው ምን እንደሚሠራ መጻፍ የእኔ ድርሻ ነበር፤ የፈንዱ ድርሻ ግን ከዚህ ይለያል። ሁለት ጠንቃቃ አንባቢዎች በአንድ ሥራ ላይ 27 ነጥብ ሲለያዩ፣ አንዱ ያየውን ሌላው አላየውም ማለት ነው፤ አማካይ ወስዶ ማለፍ ያንን ልዩነት ይቀብረዋል እንጂ አይፈታውም። ልዩነቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሁለቱ ገምጋሚዎች እንዲነጋገሩ ወይም ሦስተኛ ሰው እንዲያነብ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በሌሎች ዘንድም የተለመደ አሠራር ነው።

እንዲህ ያለው መለያየት በአንድ ፈንድ ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ ጥናት ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን የቀረቡ የምርምር ማመልከቻዎችን ለሌሎች ገምጋሚዎች በድጋሚ አስነብቦ፣ የአንድ ማመልከቻ ዕድል ግማሽ ያህሉ በማመልከቻው በራሱ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ማመልከቻው በማን እጅ እንደገባ የሚወሰን መሆኑን አሳይቷል። ይህ በሳይንስ ነው፤ ባለሙያዎቹ ስለ ዘዴና ስለ ማስረጃ ቢያንስ በመሠረቱ በሚስማሙበት መስክ። አንድ ሰው ድንቅ ያለውን የውዝዋዜ ሥራ ሌላው ተራ በሚልበት መስክ የአንባቢው ማንነት የሚያመጣው ለውጥ ያንሳል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

በገምጋሚነት ስቀመጥ ደግሞ የሌላኛውን ወገን ችግር አየሁ። 38 ማመልከቻዎች በሦስት ሳምንት እንዳነብ ተሰጡኝ፣ ከመደበኛ ሥራዬ በተጨማሪ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስገመግም ልኬ ገና አልተስተካከለም ነበር፤ ጥሩ የሚባለው ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ሳላውቅ ለአንዱ 65 ሰጠሁ። ሃያኛው ላይ ስደርስ ያ 65 የሰጠሁት ሥራ ካነበብኳቸው ከአብዛኞቹ እንደሚሻል ገባኝና ወደ ኋላ ተመልሼ ሁሉንም እንደገና አየሁ። ማመልከቻዬ በአንድ ሰው ክምር ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ተነብቦ ሊሆን እንደሚችል ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ፈንዱ ለሁሉም ገምጋሚዎች አስቀድሞ ሦስት ናሙና ማመልከቻዎችን ሰጥቶ፣ ነጥብ አሰጥቶ፣ በነጥቡ ላይ ቢያወያየን ኖሮ ይህ ችግር በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃለል ነበር። ለገምጋሚዎች የተሰጠን ሥልጠና ግን ፖርታሉን እንዴት እንደምንከፍት የሚያሳይ ብቻ ነበር።

ማመልከቻ ለምታዘጋጁ ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ፣ እኔም ሆንኩ ያነጋገርኳቸው ሌሎች ገምጋሚዎች ፋይሉን የምናነበው ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ በተርታ አልነበረም። አጭሩን ማጠቃለያ አነባለሁ፣ ቀጥዬ በጀቱን እከፍታለሁ፣ ከዚያ የሥራ ናሙናውን አያለሁ ወይም እሰማለሁ፣ በመጨረሻ ወደ ትረካው እመለሳለሁ። በጀት ሥራውን በሌላ ቋንቋ የሚናገር ጽሑፍ ነው። በትረካው «ስድስት ተዋንያን ለሦስት ወር ይለማመዳሉ» ተብሎ በበጀቱ የአራት ተዋንያን የሁለት ወር ክፍያ ካለ፣ ወይ ዕቅዱ አልታሰበበትም፣ ወይ ሁለት ሰዎች ሳይከፈላቸው ሊሠሩ ነው። ይህን ዓይነቱን አለመጣጣም ካነበብኳቸው ውስጥ ደጋግሜ አግኝቻለሁ፤ ደግሞም በጣም የሚያሳዝነው በትረካቸው ከተደነቅሁባቸው መካከል መሆኑ ነበር።

የዳኞቹ ስብሰባ የዚህ ፈንድ ምርጡ ክፍል ነው፤ ይህን በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ሰባት ሆነን ለሁለት ቀን ተቀመጥን። ከሰባታችን አንዷ ባለሙያ ያልሆኑ፣ ግን ለብዙ ዓመታት ትርኢትና ዐውደ ርዕይ በትጋት ሲከታተሉ የኖሩ እናት ነበሩ። ናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ በየገምጋሚ ቡድኑ እንዲህ ያለ ጥበብ ወዳድ፣ ሙያተኛ ያልሆነ ሰው እንዲኖር በሕግ ይገደዳል፤ ጥቅሙን ያወቅሁት በእኚህ ሴት ነው። ስድስታችን ስለ አንድ የትርኢት ዕቅድ ጽንሰ ሐሳብ ሃያ ደቂቃ ስንከራከር፣ እርሳቸው «ልጆቼ፣ ይህን ትርኢት ማን መጥቶ ያየዋል? በሥራ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው የሚለው» አሉ። ማናችንም ሰዓቱን አላየነውም ነበር።

የጥቅም ግጭት አያያዙም ጥብቅ ነው። እያንዳንዳችን ከአመልካቾቹ ጋር ያለንን ዝምድና፣ ባልንጀርነት፣ የሥራ ግንኙነትና ፉክክር ጭምር በጽሑፍ አሳወቅን፤ የሚመለከተን ፋይል ሲደርስ ከክፍሉ እንወጣለን፣ ሲያልቅ እንጠራለን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያስተማሩት ተማሪ ማመልከቻ ሲመጣ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ወጡ፤ ሰብሳቢውም በቃለ ጉባኤው አስመዘገቡት። ሌላው ያከበርኩት ነገር ሰብሳቢው ከውይይቱ በፊት የማንንም ነጥብ በስክሪን ላይ አለማሳየታቸው ነው። ነጥቡ ከታየ ሰው ስለ ሥራው መናገሩን ትቶ ቁጥሩን ወደ መከላከል ይሄዳል።

የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በየተቋሙ የተለያየ መልስ አለው። የታላቋ ብሪታንያ የኪነ ጥበብ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 በንጉሣዊ ቻርተር ከተቋቋመ ጀምሮ የሚጠቀሰው መርሕ፣ መንግሥት ገንዘቡን ይመድባል፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚሰጥ ግን አይወስንም የሚል ነው። በናሽናል ኢንዶውመንት ፎር ዘ አርትስ የባለሙያዎች ቡድን ይገመግማል፣ ብሔራዊው ምክር ቤት የድጋፍ ሐሳቡን ያቀርባል፣ የመጨረሻው ፊርማ የሊቀ መንበሩ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 ከጸደቀው የባህላዊ መገለጫዎች ብዝኃነት ስምምነት ጋር ባቋቋመው ፈንድ ደግሞ ባለሙያዎቹ የመረጡትን ሥራ የሚያጸድቀው መንግሥታት የተወከሉበት ኮሚቴ ነው። እኔ በገመገምኩበት ፈንድ ቦርዱ የዳኞቹን ዝርዝር እንዳለ ያጸድቃል፣ ወይም ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ለዳኞቹ ይመልሳል፤ በራሱ ሥልጣን ስም ማስገባትም ማውጣትም አይችልም። በተካፈልኩበት ዙር ዝርዝሩ ሳይነካ ጸድቋል።

ስብሰባው መልስ ያላገኘለት ነገር የድንበሩ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለአራት ሥራዎች የሚበቃ ገንዘብ ቀርቶ ከፊታችን ዘጠኝ ማመልከቻዎች ነበሩ፤ የሁሉም ነጥብ በ75 እና በ78 መካከል ነው። ዘጠኙም ጥሩ ሥራዎች ነበሩ። ተከራከርን፣ አወዳደርን፣ በመጨረሻ ድምፅ ሰጠን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያ ስብሰባ በማግስቱ ቢደገም ከአራቱ ሁለቱ ይለወጡ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን በግልጽ ተቀብሎ የሠራ አገር አለ። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኪነ ጥበብ ሰዎች መሠረታዊ ገቢ የሚሰጥ የሙከራ መርሐ ግብር ስትጀምር ከ9,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ8,200 በላይ የሚሆኑት ብቁ ሆነው ተገኙና ከብቁዎቹ መካከል 2,000 ሰዎች በዕጣ ተመርጠው በሳምንት 325 ዩሮ ይከፈላቸው ጀመር። በዚያ አሠራር ዕጣ ያልወጣለት ሰው «ሥራህ ያንሳል» አልተባለም፤ ብቁ ነህ፣ ዕጣው ግን አልደረሰህም ነው የተባለው። ለሁሉም ድጋፍ ዕጣ ይሁን አልልም፤ ትልቅ የቲያትር ምርትን ወይም የቅርስ ጥገናን በዕጣ መምረጥ ኃላፊነት የጎደለው ነው። በጠባቡ ድንበር ላይ ለቀሩ እኩያ ሥራዎች ግን ዕጣ ከድካም ድምፅ የተሻለ ሐቀኛ ይመስለኛል።

በዚያ ቀን ከቀሩት አምስቱ ማመልከቻዎች ለአንዱ የተላከውን ደብዳቤ አይቻለሁ። ለእኔ በመጀመሪያው ዙር ከተላከልኝ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፦ «ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ማመልከቻዎች ስለደረሱን ማመልከቻዎ በዚህ ዙር ሊመረጥ እንዳልቻለ እየገለጽን፣ ለፈንዱ ላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን።» 77 ያመጣውም፣ 30 ያመጣውም፣ በመጀመሪያ ማጣሪያ በአንድ ሰነድ ጉድለት የወደቀውም የሚደርሰው ይኸው ነው። አንድ የጥበብ ሰው ማመልከቻ ለመጻፍ ሳምንታት ያጠፋል፤ ደጋፊ ደብዳቤ ይለምናል፣ የዋጋ ማቅረቢያ ይሰበስባል፣ የሥራ ባልደረቦቹን ተስፋ ያስደርጋል። ያን ሁሉ ያነበቡ ሁለት ሰዎች የጻፉት አስተያየት በፖርታሉ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አመልካቹ በባዶ እጁ ይሸኛል። ነጥብህ 77 ነው ቢባል በሚቀጥለው ዓመት በኩራት ይመለስ የነበረ ሰው፣ ያን ደብዳቤ ይዞ ሥራው የማይረባ መስሎት ይቀራል። እንዲህ ሆነው ማመልከት የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከእነርሱ አንዱ ከእኔ የተሻለ ሠሪ ነበር።

እኔ ሁለተኛውንም ደብዳቤ ከተቀበልኩ በኋላ ነጥቤንና የገምጋሚዎቹን አስተያየት እንዲሰጡኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ። አንድ ወር ከአሥር ቀን ቆየ፤ መጨረሻ ላይ የሁለቱም ዙሮች መጣልኝ። የምድጃውን ነገር ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው። በሦስተኛው ማመልከቻ ቴፑ ለምን እንደሚጣበቅ፣ ምድጃው ምን እንደሚያደርግና ያለ እርሱ ስንት ቅጂዎች ሊጠፉ እንደሚችሉ በአራት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ የተጣበቀ ቴፕና የታከመ ቴፕ ድምፅም በናሙናነት አያያዝኩ። ሌላው የማመልከቻው ክፍል ከሞላ ጎደል የቀድሞው ነው። 86 አመጣሁ፣ ተሰጠኝ። ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ነገር ፈንዱ በመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ በአንድ መስመር ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ ካሰብኳቸው ቅጂዎች ውስጥ ጥቂቶቹ ባለቤቶቻቸው አርፈው ቤተሰብ ሲበታተን የት እንደገቡ ሳይታወቅ ቀሩ።

ከተመረጡ በኋላ ያለው አገልግሎት ደህና ነው። ውሉ በአራት ሳምንት ተፈረመ፤ ክፍያው በሦስት ዙር ነው፣ 50 ከመቶ በፊርማ፣ 30 ከመቶ የመካከለኛው ሪፖርት ሲጸድቅ፣ 20 ከመቶ በመጨረሻው ሪፖርት። ከአንድ የወጪ ርዕስ ወደ ሌላ እስከ 10 ከመቶ ያለ ፈቃድ ማዛወር መቻሉ ሥራን በብዙ ያቀልላል። የመጨረሻው 20 ከመቶ ግን ሪፖርቱ ከገባ ከአምስት ወር በኋላ ነው የመጣው፤ ያን ገንዘብ ከኪሱ አስቀድሞ መክፈል የማይችል ቡድን ለባለሙያዎቹ ዕዳ ይገባል ማለት ነው። ለማመልከት የምታስቡ ይህን ከወዲሁ አስሉት።

በገምጋሚነት ያገለገልኩበት ዙር ሲያበቃ ለጽሕፈት ቤቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩ፦ ነጥቡና አስተያየቱ፣ የገምጋሚው ስም ተሰውሮ፣ ከደብዳቤው ጋር አብሮ ይላክ የሚል ነው። ኃላፊዋ በአክብሮት ተቀብለው አነጋገሩኝ፤ የሠጉት የይግባኝ ጎርፍ እንዳይመጣ ነበር። ሥጋታቸው ይገባኛል፣ ሆኖም ይግባኝ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ላይ ብቻ እንዲሆን በመመሪያ መገደብ ይቻላል። በዘንድሮው መመሪያ ላይ አንድ አዲስ አንቀጽ ገብቷል፦ ያልተመረጠ አመልካች ደብዳቤው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከጠየቀ ጠቅላላ ነጥቡና የገምጋሚዎቹ አስተያየት ይሰጠዋል ይላል። አንቀጹ ያለው በመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው፣ በደብዳቤው ውስጥ አሁንም አልተጠቀሰም። ስለዚህ ያ ደብዳቤ የሚደርሳችሁ ሁሉ ቀኑን መዝግባችሁ 30ው ቀን ሳያልፍ ጠይቁ።